ሞተሩ የጠፋበት እሑድ

ኦቫካ፣ ቫቫኡ
ሚያዝያ 14 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኢላይሳኔ
ኦክላንድ

ከምንጣፉ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከደሴታችን እስከ ኒውዚላንድ ያለውን ያንን ሁሉ ባሕር በመካከላችን አድርጎ እስከዛሬ በጤና ያቆየን አምላክ ይመስገን። እኛ ደህና ነን። በመጋቢቱ አውሎ ነፋስ የማእድ ቤታችን ጣሪያ ተገንጥሎ ሄዶ ነበር፤ መልሰን ከድነነዋል። የያም ማሳችንም ዘንድሮ ጥሩ ሥር ይዟል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቴ ላቪኒያ ፀንሳለች፤ ሦስት ወሯ ነው። ከእናቷ ከፊኖ ቀጥሎ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። የመጀመሪያው በአምስት ወሩ እንደወረደ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ቀኗን ጨርሳ ተወልዳ ሳታለቅስ እንደቀረች ያውቃሉ። ይህ ሦስተኛችን ነው። የመንደሩ ሰው ፊት ለፊት አይለኝም እንጂ ከኋላዬ የሚለውን አውቃለሁ፤ «የአባቱን እህት ያስቀየመው ነገር ቢኖር ነው» ይላሉ። የአባት እህት ቃል በወንድሟ ልጆች ማኅፀን ላይ እንደሚያርፍ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። ሳላውቅ አስቀይሜዎ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። አባቴ ሲቀበር ከራስጌው ያለው የእርስዎ ቦታ ባዶውን ውሏል። ሥራ ይዞዎት እንደሆነ ነው የማምነው፤ በልቤ ቂም የለም። ለዚህ ልጅ መልካም ቃል ይናገሩልኝ፤ የምለምንዎ ይህንን ነው።

ሌላው፣ ኔያፉ ከተማ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከሐምሌ ጀምሮ እንግዶቹን በጀልባዬ እንዳወጣለት ጠይቆኛል። ዓሣ ነባሪዎቹ ለመውለድ ሲመጡ ሰዎቹ ውሃ ገብተው ከጎናቸው መዋኘት ይፈልጋሉ። ከሁሉ የሚወዱት እናትን ከነልጇ ነው አለኝ። እዚያ ርካሽ ከሆነ የመዋኛ መነጽር አምስት ስድስት ቢልኩልኝ ውለታዎ ነው።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ
ሊሲያቴ

ኦክላንድ
ግንቦት 9 ቀን 1996

ልጄ ሊሲያቴ

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ቆሜ፣ አንዱን ተቀምጬ። ቤትህን የሚጠብቅ አምላክ አይንቀላፋ። ላቪኒያ ከባድ እንዳታነሳ፣ ከማሳው ያም እንዳትቆፍር። እምቢ ካለች «አክስቴ ናት ያለችው» በላት። እዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት በቀን አራት መቶ አንሶላ አጥፋለሁ፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ስሟን እጠራለሁ። ስለዚህ ጸሎት አይጎድልባትም።

አላስቀየምከኝም። ይህንን በደንብ ስማ። አንተ ምንም አላደረግህም።

አሁን ደግሞ የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ፤ የምጠይቅህም እንደ አባትህ እህት ነው። ዓሣ ነባሪ እናት ከልጇ ጋር ስታይ አትጠጋ። ጀልባህን ወደ እሷ አታዙር፣ ሰውም ውሃ ውስጥ አታስገባባት። ራሷ ወደ አንተ ከመጣች ሞተርህን አጥፋና እስክትሄድ ቁም። ወንዶቹ አሉ፤ ብቻቸውን የሚዞሩትንና የሚዘፍኑትን አሳያቸው። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

መነጽሩን ስምንት አድርጌ ልኬያለሁ። ሁለቱ የልጆች ናቸው፤ ሻጩ አሳስቶኝ ነው።

አክስትህ
ኢላይሳኔ

ኦቫካ
ሰኔ 8 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ይመስገን እኛ ደህና ነን፤ ላቪኒያም መብላት ጀምራለች። መነጽሮቹ ደርሰውኛል። የልጆቹን የጎረቤት ልጆች ወስደው ከጀልባ መውጫው መሰላል ሥር ኦክቶፐስ ያድኑባቸዋል።

ቃልዎን ተቀብያለሁ። ለባለ ማረፊያው ስነግረው ሳቀብኝ፤ «እናትና ልጅ የማያሳይ ጀልባ ማን ይከራያል? ወንዱን ለማየትማ ቤት ባሌ አለልኝ ይሉሃል እኮ ሴቶቹ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን እሺ ብያለሁ፤ የአክስቴ ቃል ነው።

ሊሲያቴ

ኦቫካ
ነሐሴ 18 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ

በመዘግየቴ ይቅርታ። ወሩ ሥራ የበዛበት ነበር፤ እሑድ ደግሞ እንደሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ነው። ላቪኒያ ሰባት ወር አልፏታል። ልጁ ይራገጣል። ማታ እጄን ሆዷ ላይ ታስቀምጥና «ተቆጥቷል» ትለኛለች። በፍርሃት ሁለታችንም እንቅልፍ የለንም፤ ደስታችንን ጮክ ብለን ለመናገር እንኳ አልደፈርንም።

ባሕሩ ዘንድሮ በዓሣ ነባሪ ሞልቷል። ባለፈው ሐሙስ አንድ ወንድ ከጀልባዬ ሥር ተዘቅዝቆ ቆሞ ሲዘፍን የእንጨቱ ወለል እግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። አንዲት ጀርመናዊት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ስትሰማው ቆየች። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ሁሉ ገብቶ ነበር።

እናቶቹን እንዳሉኝ ከሩቅ አልፋቸዋለሁ። አንዷ በተለይ በእኛ መንደር ጎን ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ትውላለች። ልጇ ገና የሳምንት ብትሆን ነው፤ ማኅፀን ውስጥ ታጥፋ የከረመችበት መስመር ጎኗ ላይ አልጠፋም። ከእናቷ አገጭ ሥር ብቅ ብላ ተንፍሳ ትመለሳለች።

ላቪኒያ ሰላም ትላለች።

ሊሲያቴ

ኦክላንድ
መስከረም 1 ቀን 1996

ሊሲያቴ

ጎኗ ላይ ያለውን መስመር ከሩቅ የሚያይ ዓይን ማን ሰጠህ? እኔ ያንን መስመር አይቼዋለሁ። የሚታየው እጅ ተዘርግቶ ከሚነካበት ቦታ ነው።

እውነቱን ጻፍልኝ። እስክትጽፍልኝ ድረስ ከእኔ ቃል አትጠብቅ።

ኢላይሳኔ

ኦቫካ
መስከረም 12 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ

ደብዳቤዎን ከአውሮፕላን ጣቢያው ተቀብዬ እዚያው መንገድ ዳር ከፈትኩት። ከዚያ ወደ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ዋሽቻለሁ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ሃያ ሦስት ጊዜ ወደ እናቶች ሄጃለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ ባለ ማረፊያው ገፋፍቶኝ ነው ብዬ ለራሴ አወራሁ። በኋላ ግን ማንም አልገፋፋኝም። ያቺ እናት የሞተሬን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ስደርስ ትዞርና በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፤ ልጇን በአፍንጫዋ ወደ እኔ ትገፋታለች። አክስቴ፣ ሁለት ልጅ ለቀበረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። እንግዶቹን ሳልይዝ ብቻዬን የሄድኩበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ የግልገሏን ጀርባ ነካሁ፤ ለስላሳ ነው።

ላቪኒያ አታውቅም፤ እርስዎ ፈቅደው እንደምሠራ ነው የነገርኳት። አሁን አንድ ወር ቀርቷታል። የሚቀጡኝ ከሆነ እኔን ይቅጡኝ። ቃልዎ በልጁ ላይ እንዳያርፍ ከመወለዱ በፊት ይቅርታዎን ይላኩልኝ፤ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ከዛሬ ጀምሮ ወደ አንዲትም አልሄድም፤ ራሷ ብትመጣም እንዳሉኝ ሞተሬን አጥፍቼ እቆማለሁ። በዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ምያለሁ።

ሊሲያቴ

ኔያፉ፣ ሐኪም ቤት
ጥቅምት 6 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ

አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ጠብቄ ነበር፤ መልስዎ አልደረሰኝም። እኔ ግን የሆነውን ልጽፍልዎ ይገባል።

መስከረም 29 እሑድ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሁለተኛ ደወል ሳይደወል፣ ላቪኒያን ምጥ ያዛት። ከቀኗ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው። ፊኖ ስታያት «ይሄ ነገር ቸኩሏል፣ ወደ ኔያፉ» አለች። ምንጣፍ አንጥፈን ጀልባዋ ውስጥ አስተኛናት። እሑድ ስለሆነ ባሕሩ ላይ ሌላ ጀልባ አልነበረም። ከኋላችን መዝሙሩ ይሰማን ነበር።

በባሕሩ ድንጋዮች መካከል ያለው መተላለፊያ ጋ ስንደርስ ውሃው ሸሽቶ በሁለቱም በኩል ድንጋዩ ራሱን አውጥቷል። የቀረው ጥልቁ መሐል መንገድ ብቻ ነው። ዓሣ ነባሪዋ እዚያ ተኝታለች። ያቺው እናት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ልጇ ትዞራታለች። ቀስ ብዬ በጎኗ ማለፍ እችል ነበር፤ ይህንን አልደብቅዎም። ግን የሞተሬን ድምፅ ሰምታ ዞረችና ወደ እኛ መጣች። እኔም ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን ሆነህ ነው የቆምከው?» አለችኝ ፊኖ።

«አክስቴ፣ ዓሣ ነባሪዋ ከመጣችብህ አጥፋና ቁም ብላኛለች።»

«አክስትህ ያለችው ኒውዚላንድ ነው፤ ልጄ ግን እዚህ ናት! አስነሳው አንተ ሰውዬ!»

«አንድ ጊዜ ቃሏን አፍርሼ ተቆጥታብኛለች።»

ፊኖ ፊቷ ተለወጠ። «ይቅርታ ጠይቀሃል?»

«ጽፌያለሁ።»

«መልስ መጣ?»

«አልመጣም።»

ፊኖም ሞተሩን ትታ ወደ ላቪኒያ ዞረች። የልጇን ጉልበት ያዘችና ተቀመጠች።

ዓሣ ነባሪዋ ከጎናችን ሆነች። ከጀልባዬ ሦስት እጥፍ ትሆናለች። አንድ ክንፏን ከሥራችን ዘረጋች፤ ነጩ ከውሃው ውስጥ ይታየኝ ነበር። ስትተነፍስ ጠሉ ሁላችንም ላይ ወረደ፤ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ግልገሏ ጎኗን በጀልባው እንጨት ታሻለች፤ ጀልባዋ በእያንዳንዱ መታሸት ትናወጣለች፣ ላቪኒያም በእያንዳንዱ መናወጥ ትጮኻለች። እኔ እጄን የሞተሩ ገመድ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ብስበው ቃልዎን አፈርሳለሁ፣ ልጁ ይሞታል። ባልስበው ሚስቴ እዚያው ትሞታለች። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ራሴንም እንደዚያ ጠልቼው አላውቅም።

ልጅቷ ጀልባዋ ውስጥ ተወለደች። ሴት ናት። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ፊኖ የአፍንጫዋን ፈሳሽ በአፏ ሳበችላት፣ ጀርባዋን አሸች፣ ገለበጠቻት፣ ደግማ አሸቻት። ከዚያ አለቀሰች።

ዓሣ ነባሪዋና ልጇ መቼ እንደሄዱ አላየሁም። ቀና ስል ውሃው ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩን አስነሳሁ። ላቪኒያ ብዙ ደም ፈሷት ስለነበር ሐኪሞቹ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እሷ ተስፋ አልሰጡንም። ዛሬ ሾርባ ጠጥታለች። ልጅቷ ትጠባለች።

ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም።

ስም የማውጣት መብት የእርስዎ ነው። እንጠብቃለን።

ሊሲያቴ

ኦክላንድ
ጥቅምት 17 ቀን 1996

ልጄ ሊሲያቴ

አምላክ ይመስገን። አምላክ ይመስገን። ሌላ የምጽፈው መክፈቻ የለኝም።

አንተ ጅል፣ ለምን ሞተሩን አላስነሳህም? እኔ ያን የተናገርኩት ለዓሣ ነባሪዋ ልጅ ብዬ ነው፤ እንዴት አድርገህ በገዛ ልጅህ ላይ ጫንከው? ይህንን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ምክንያቱም እንዲህ እንድትፈራ ያደረግሁህ እኔ ነኝ።

ዋሽቻለሁ ያልክበት ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አንዲት መስመር ይበቃኛል ብለህ ነበር፤ ያንን መስመር ለመጻፍ ግን ይሄኛውን ሁሉ መጻፍ ነበረብኝ። አልደፈርኩም። በእኔ ፍርሃት ነው ሚስትህ እዚያ የተኛችው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ዓሣ ነባሪ ማደን አልተከለከለም ነበር። ኮረብታው ላይ ቆሜ ለአዳኞቹ ነጭ ጨርቅ የማውለበልበው እኔ ነበርኩ፤ ዓይኔ ከወንዶቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያን ቀን እናትና ልጅ አይቼ አውለበለብኩ። ጦሩን የያዘው አባትህ ነው። መጀመሪያ የሚወጋው ልጇ ነው፤ እንዳይሞት ተደርጎ በስሱ። ልጅ ከተያዘ እናት አትሄድም። ግልገሏን በገመድ እየሳቡ ቀስ ብለው ወደ እኛ ዳርቻ አመጡ፤ እናትየዋ ሆዷ አሸዋ እስኪነካ ከጎኗ ተከትላ መጣች። እዚያ ጨረሷት። ወርጄ ግልገሏን ነካሁ፤ መስመሩ ጎኗ ላይ ነበር። ገና ትተነፍስ ነበር።

ወንድሜን ሕዝብ ፊት ጮኼ «በልጆችህ ይድረስ፣ በልጅ ልጆችህም» አልኩት። እህቱ ነኝ፤ አፌ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እሱ ጦሩን ጣለና አንገቱን ደፋ። ማታ ሥጋው ለየቤቱ ሲከፋፈል እኔም በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ ደግሞም ጣፋጭ ነበር።

ወንድምና እህት እንዲህ ያለውን ነገር ተቀምጠው አይነጋገሩም። ስለዚህ ቃሌን ሳላነሳ ኖርኩ። አባትህ ስድስት ልጅ ወልዶ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። በእያንዳንዱ ቀብር ላይ ከራስጌ አስቀምጠው ምርጡን ምንጣፍ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። በአምስተኛው ላይ አልቻልኩም፤ ኒውዚላንድ የመጣሁት ያኔ ነው። የአባትህ ቀብር ላይ የቀረሁትም ሥራ ይዞኝ አይደለም። ከዚያ አንተ ሁለት ጊዜ ጻፍክልኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ የሞተ ልጅ። እኔ አንተን አልቀጣሁህም፤ ስከላከልልህ ነበር። እናትን ከልጇ ጋር ከተውካት ምናልባት ይቅር እንባላለን ብዬ ነበር።

አሁን ቃሌን ሁሉ አንስቻለሁ፣ የድሮውንም የአሁኑንም። ባሕሩ ላይ የፈለግኸውን አድርግ። ስሙን ደግሞ እኔ አላወጣም፤ እንዲህ ያለ አፍ ስም ሊያወጣ አይገባውም። ሁለት ቃል አክባሪዎች ሞተር አጥፍተው ሲቀመጡ በመሐላቸው የወለደችው ላቪኒያ ናት። መብቴን ለእሷ ሰጥቻለሁ።

አክስትህ
ኢላይሳኔ

ኦቫካ
ኅዳር 5 ቀን 1996

ለተከበሩ ለባለቤቴ አክስት ለወይዘሮ ኢላይሳኔ

ሰላምታዬን ከልቤ አቀርባለሁ። ጽፌልዎ ስለማላውቅ አጻጻፌ ቢሳሳት ይቅር ይበሉ። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ሊሲያቴ ሰጥቶኝ ሦስት ቀን ወስጄ አነበብኳቸው። ስለ ሆዴ ሰባት ወር ተጻጽፋችኋል፤ ማንም ግን እኔን አልጠየቀኝም።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። «ሞተሩን አስነሳ» ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ይህንን አልጻፈልዎም፤ የሰማውም አልመሰለኝም። እሱ እርስዎን ፈራ፣ እናቴም እርስዎን ፈራች። እኔ የፈራሁት ለልጄ ብቻ ነው።

የመንደሩ ሰው እየመጣ ዓሣ ነባሪዋን እንዴት እንዳየኋት ይጠይቀኛል። አላየኋትም። ያየሁት የጀልባውን ጠርዝና የእናቴን አገጭ ነው። ግን ሰማኋት። ጠርዙ ማዶ ሆና ትተነፍሳለች፤ ረጅም፣ ከባድ ትንፋሽ። እኔ ትንፋሼ ተቆራርጦ አልመለስ ሲለኝ እሷን እጠብቅ ነበር፤ እሷ ስታወጣ አወጣለሁ። ምን ፈልጋ እንደመጣች አላውቅም። ሊሲያቴ ይቅርታ ነው ይላል፤ እናቴ ደግሞ ተግሣጽ ነው ትላለች። እኔ የማውቀው ባሌና እናቴ ዝም ብለው ሲያዩኝ እሷ ብቻ ከእኔ ጋር እንደተነፈሰች ነው።

ዓሣ ነባሪዎቹ አሁን ሄደዋል፤ ውሃው ባዶ ነው። ሊሲያቴ ልጅቷን ታቅፎ ይውላል፤ መልሼ ማነጋገር ጀምሬያለሁ፣ ስለ ምግብና ስለ ጨርቅ ብቻ። በሚመጣው ዓመት ባሕሩ ላይ ምን እንደሚሠራ በደብዳቤ አይወሰንም ብዬዋለሁ።

አሁን ስለ ቃልዎ። ለአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ አለቀስኩላት። ያን ቀን እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር። አምስት ሕፃን ቀብረው በየጊዜው ከራስጌ ሲቀመጡ ማንም ያላወቀልዎ መሆኑ አሳዝኖኛል። ነገር ግን አንስቻለሁ ብለው በወረቀት መጻፍዎ አይበቃኝም። ክፉውን የተናገሩት እዚህ አሸዋ ላይ፣ በአፍዎ፣ ሰው እየሰማ ነው።

የሰጡኝን መብት አልተቀበልኩትም። ሰባኪው የጥምቀቱን ቀን ሲጠይቁን አክስቷ ትምጣ አልናቸው። የአውሮፕላኑን ዋጋ እናቴ ከሸጠችው ምንጣፍ ከዚህ ጋር ልካለች። ይምጡና ልጄን ይቀፏት፤ ከዚያ ሁሉም እየሰማ አንድ መልካም ቃል ይናገሩባት። የመጀመሪያው ቃልዎ ስሟ ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ ስም የላትም። ጎረቤቶቼ ያፍሩብኛል፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ስም የለሽ ልጅ አይተው አያውቁም። ማታ ስታለቅስ የምጠራት በምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። በምንም አልጠራትም፤ ዝም ብዬ አነሳታለሁ።

ላቪኒያ